ስፔሻሊቲ ቡና የሚቆላ ድርጅት እንዴት ያድጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ መጋዘን ጥግ ቡና እቆላለሁ። በሩ ክፍት የሆነ ቀን ሽታው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይጠራል። ሐበሻ ከሆነ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ማሽኑ ይጠጋና «ለመሆኑ ያዋጣል?» ይላል። ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ደግሞ «እነዚያ ትልልቆቹ በእኛው ቡና እንዴት እዚያ ደረሱ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱን መልስ በየቀኑ መድገም ስለሰለቸኝ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ ጽፌአቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፔሻሊቲ ቡና የሚባለው የትኛው ነው?

ስያሜውን ለንግዱ ዓለም ያስተዋወቁት ኤርና ክኑትሰን ናቸው። ኖርዌይ ተወልደው አሜሪካ የኖሩ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጥሬ ቡና የሚነግዱ ሴት ነበሩ። በ1974 በአንድ የሻይና የቡና ንግድ መጽሔት ላይ፣ አፈሩና አየሩ የራሱን ጠባይ የሰጠውን ቡና «ስፔሻሊቲ» ብለው ከተራው ለዩት።

ዛሬ ገዥና ሻጭ የሚግባቡበት መለኪያ የቀማሾች ነጥብ ነው። ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል። ከቅምሻው በፊት ጥሬው ይለቀማል። 350 ግራም ናሙና ውስጥ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ፍሬ፣ የኮመጠጠ ፍሬ ወይም ትልቅ ጠጠር አንድም መገኘት የለበትም፤ ቀለል ያሉት ጉድለቶችም ከአምስት አይበልጡም። ሰፌድ ላይ ቡና ስትለቅም ላደገች ሴት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እናቴ ለቅማ የምትጥላቸውን ፍሬዎች ዓለም አቀፉ መስፈርትም ይጥላቸዋል። ልዩነቱ እርሷ ነጥብ አለመጻፏ ነው።

ነገሩ ከየት ተጀመረ? ከስታርባክስ ነው?

ከስታርባክስ በፊት አልፍሬድ ፒት ነበሩ። ሆላንድ ውስጥ የቡና ቆይ ልጅ ሆነው አድገው በ1966 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ሱቅ ከፈቱ። በ1971 ሲያትል ላይ ስታርባክስን የመሠረቱት ሦስት ጓደኞች ሙያውን የተማሩት ከእርሳቸው ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ የሸጡትም እርሳቸው የቆሉትን ቡና ነበር። ያኔ ስታርባክስ የተቆላ ፍሬ የሚሸጥበት ሱቅ እንጂ ቡና በሲኒ የሚቀዳበት ቤት አልነበረም።

ዛሬ በየከረጢቱ ላይ የገበሬውን መንደር፣ ከፍታውንና የአዘገጃጀቱን ዓይነት የሚጽፈው ትውልድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንተለጀንሺያ ቺካጎ ላይና ካውንተር ካልቸር ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ደርሃም ላይ በ1995፣ ስታምፕታውን ፖርትላንድ ላይ በ1999፣ ብሉ ቦትል ኦክላንድ ላይ በ2002 ተመሠረቱ። አራቱም ከትንሽ ተነሥተዋል፤ መድረሻቸው ግን አንድ አልሆነም።

ብሉ ቦትል ከጎጆ ተነሥቶ ኔስሌ እጅ እንዴት ገባ?

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ጄምስ ፍሪማን በሙያው ክላሪኔት ተጫዋች ነበር። ኦርኬስትራውን ትቶ ኦክላንድ ውስጥ ቴመስካል በሚባለው ሰፈር የአትክልተኛ ችግኝ ማፍያ የነበረች ጎጆ ተከራየ። ስፋቷ 17 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። እዚያ ውስጥ በአንድ ዙር ሦስት ኪሎ ገደማ የሚቆላ ማሽን ተከለና ቡናውን የገበሬዎች ገበያ ላይ ወስዶ በየአንዳንዱ ሲኒ እያጠለለ መሸጥ ጀመረ። ለደንበኞቹ የገባው ቃል አንድ ነበር፤ ከተቆላ 48 ሰዓት ያለፈው ቡና አልሸጥም የሚል። ስሙን የወሰደው ከጥንቷ ቪየና ነው። በ1683 ኦቶማኖች ከተማዋን ከበው ሲመለሱ ጥለውት በሄዱት ቡና ኮልሺትስኪ የተባለ ሰው ቡና ቤት ከፈተ፣ ስሙንም «ሰማያዊው ጠርሙስ» አለው የሚል ትረካ አለ።

በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሄይስ ቫሊ ላይ፣ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ መሸጫ ከፈተ። ሰው ተሰልፎ መጠበቅን የለመደው እዚያ ነው። በ2008 በዚያው ከተማ የጃፓን የሳይፎን ማፍያ ያለው ትልቅ ቡና ቤት፣ በ2010 ደግሞ አገሪቱን አቋርጦ ብሩክሊን ላይ መቁያና ቡና ቤት ከፈተ።

እስከዚህ ያለው ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ገንዘቡን መከተል ይበቃል። በ2012 ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2014 ወደ 25 ሚሊዮን፣ በ2015 ደግሞ 70 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች ገባ። በዚያው በ2015 መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ ሲከፍት ሰልፉ ሰዓታት ያስጠብቅ ነበር። በ2017 ኔስሌ 68 በመቶውን ድርሻ ገዛ፤ ጋዜጦች እንደዘገቡት በ425 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2016 መጨረሻ 29 የነበሩትን መሸጫዎች በአንድ ዓመት ወደ 55 ለማድረስ መታቀዱም ያኔ ተነገረ።

እኔን የሚገርመኝ የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ሰውዬው ከ2002 እስከ 2005 የነበረውን ጊዜ ያሳለፈው ቡና እየቆላና ገበያ ላይ እየቆመ ነው። ታሪኩን የሚያወሩልኝ ሰዎች ሁሉ ይህን ክፍል ዘልለው ከቶኪዮው ሰልፍ ይጀምራሉ።

ቡና ለመቁላት ያን ሁሉ ሚሊዮን ምን አመጣው?

አንድ ጆንያ ይዘን እንቁጠር። የኢትዮጵያ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ይመጣል። ቡና ሲቆላ ውሃው ይተናል፣ ገለባው ይበራል፤ መካከለኛ አቆላል ላይ ወደ 15 በመቶ ክብደቱን ያጣል። 60ው ኪሎ 51 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። በ250 ግራም ከረጢት ስናደርገው 204 ከረጢት ይወጣዋል። ለቅምሻ የሚሄደው፣ ማሽን ሲሞቅ የሚበላሸውና ለደንበኛ የሚቀመሰው ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። 60 ኪሎ ገዝቶ 60 ኪሎ እንደሚሸጥ አስቦ ዋጋ ያወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋል። ሁለት አውቃለሁ።

ከዚህ የባሰው ጊዜው ነው። ቡና በአብዛኛው አገር የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የእኛ አገር ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይሆንና፣ ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ተበጥሮ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ኒው ጀርሲ መጋዘን ሲገባ ወራት አልፈዋል። የወደድከውን ቡና ዓመቱን ሙሉ ልትሸጠው ከፈለግህ ዛሬ ልትገዛው ወይም ልታስይዘው ይገባል። አነስተኛ የቡና ቆይ ይህን ሸክም ለአስመጪ ይተወዋል፤ አስመጪው ኮንቴነሩን ያመጣል፣ ቆዩ በየወሩ ሁለት ሦስት ጆንያ ያነሣል፣ ለአገልግሎቱም በዋጋው ላይ ይከፍላል። ያደገ ቆይ ግን አንድ ቀን ኮንቴነሩን ራሱ መግዛት ይፈልጋል፤ ያ ቀን የባንክ ቤት ቀን ነው።

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19 ሺህ 200 ኪሎ ይይዛል። በ2019 የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብደት ነው) ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በ2025 የካቲት ላይ አንዱ ፓውንድ ከአራት ዶላር አለፈ። ያው ኮንቴነር፣ ያው ቡና፣ በአንድ ዶላር ሂሳብ 42 ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው በአራት ዶላር 169 ሺህ ዶላር ሆነ። ስፔሻሊቲ ደግሞ ከዚህ በላይ ነው የሚከፈልበት። ሬስቶራንቱ የወሰደውን ቡና የሚከፍለው በወሩ፣ ሲያመቸውም በሁለተኛው ወር ነው። ለዚህ ነው ሽያጭ እየጨመረ ኪስ የሚራቆተው። ድርጅቱ የሚከስረው ገበያ አጥቶ ብቻ ይመስለናል፤ ገበያ በዝቶበት የሚወድቀውም ብዙ ነው።

ትልቅ ማሽን ስገዛ አድጌያለሁ ማለት ነው?

ትልቅ ማሽን ገዝተሃል ማለት ነው።

የራሴን ላውራ። በአንድ ኪሎ ማሽን ለሁለት ዓመት የቆላሁት ከጉጂ የሚመጣ የታጠበ ቡና ነበረኝ። እጄ ለምዶታል። በዘጠነኛው ደቂቃ አካባቢ መንጣጣት ይጀምራል፤ እንደ ፈንዲሻ ሳይሆን ቀጭን ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር ነው ድምፁ። ናሙና ማውጫዋን ስቤ ሳሸተው መጀመሪያ የሣር፣ ከዚያ የዳቦ፣ ከዚያ የአበባ ሽታ ይመጣል፤ አበባው በመጣ በደቂቃ ተኩል ውስጥ እዘረግፈዋለሁ።

ከዚያ ያገለገለ ባለ 15 ኪሎ ማሽን ገዛሁ። ያንኑ ሙቀት፣ ያንኑ ደቂቃ፣ ያችኑ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ጀመርኩ። ከበሮው ብረቱ ወፍራም ስለሆነ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን አይለቅም፤ እሳቱን ብቀንስም ብረቱ መቁላቱን ቀጠለ። የሙቀት መለኪያው በትንሿ ማሽን 196 ዲግሪ ሲል እሰማው የነበረው መንጣጣት በትልቁ ሌላ ቁጥር ላይ መጣ፤ ቁጥሩ የቡናው ሳይሆን መለኪያው የተተከለበት ቦታ ቁጥር እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ዘርግፌ ሳየው ቀለሙ ያምራል። አንዱን ፍሬ በጥርሴ ስሰብረው ላዩ አሯል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ሲፈላ ያረረ ገብስ ሆነ። 15 ኪሎ የጉጂ ቡና ጣልኩ፤ በማግስቱም ሌላ 15። በትንሿ ማሽን ብሳሳት ኖሮ የሚጠፋው አንድ ኪሎ ነበር።

በማሽን ሻጩ ወረቀት ላይ የማይገኝ ሌላም ወጪ አለ። ማሽኑ ሲያድግ ጭሱም ያድጋል። ከተወሰነ መጠን በላይ ስትቆላ ጭሱን መልሶ የሚያቃጥል ሌላ ምድጃ ጭስ ማውጫው ላይ ሊያስተክሉህ ይችላሉ፤ ዋጋው ከመቁያው ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ፣ ጋዝም ይበላል። ጎረቤት ሽታውን የሚወደው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን ነው።

እድገትን የምለካው እንግዲህ በሌላ ነገር ነው። ሰኞ የተቆላውን፣ ረቡዕ የተቆላውንና እኔ በሌለሁበት ረዳቴ የቆላውን ጎን ለጎን አፍልቼ፣ ሲኒው ሥር የተጻፈውን ሳላይ እቀምሳለሁ። ልዩነት ካላገኘሁ አድገናል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በየቀኑ ያንኑ ያደርጋሉ። 8 ግራም ተኩል ለማይሞላ ዱቄት 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አራት ደቂቃ፣ ከዚያ በማንኪያ አረፋውን ሰብሮ ማሽተት። የቀለም መለኪያና የኮምፒውተር ፕሮግራም ያግዛል፤ ምላስን ግን አይተካም።

ትኩስ የተቆላ ቡና ሁልጊዜ ይሻላል?

አይሻልም። ገና የተቆላ ፍሬ ውስጡ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ነው፤ ቶሎ ከተፈላ ጋዙ ውሃውን ይገፋዋል፣ ጣዕሙም አይወጣም። ለማጥለያ ጥቂት ቀናት፣ ለኤስፕሬሶ ሳምንትና ከዚያ በላይ ማሳረፍ የተለመደ ነው። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ጋዙን አስወጥታ አየር የማታስገባ ናት። በእኛ ቤት ተቆልቶ ወዲያው የሚፈላው ቡና የሚጥመው ተወቅጦ ጀበና ውስጥ በደንብ ስለሚንተከተክ ነው፤ ጋዙ እዚያው ይወጣል። የፍሪማን የ48 ሰዓት ቃል በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ከከረመ ቡና ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር ነበር።

ቡና ቤት ልክፈት፣ ለሬስቶራንት ላከፋፍል፣ ወይስ በኢንተርኔት ልሽጥ?

ብሉ ቦትል የመረጠው ቡና ቤት ነው። አንድ ከረጢት ቡና በከረጢትነቱ ከሚያስገባው ይልቅ በሲኒ ተቀድቶ ብዙ እጥፍ ያስገባል፤ በዚያው ልክ ኪራዩ፣ ደመወዙና የወተቱ ወጪ ይበላዋል። በ2014 ደግሞ ቶንክስ የሚባል፣ በኢንተርኔት ብቻ በየሁለት ሳምንቱ ቡና ይልክ የነበረ ትንሽ ድርጅት ገዝቶ የደንበኝነት ሽያጩን በዚያ አጠናከረ።

ካውንተር ካልቸር በተቃራኒው ሄደ። ለብዙ ዓመታት የራሱን ቡና ቤት ሳይከፍት ነው ያደገው። ለሌሎች ቡና ቤቶች ቡና ያቀርባል፣ በየከተማው በከፈታቸው የሥልጠና ማዕከሎች ባሪስቶቻቸውን፣ ማለትም ቡና የሚያፈሉትን ሠራተኞች፣ ያስተምራል። ደንበኛህ ጎን ሱቅ ከፍተህ አትቀናቀነውም፤ እርሱም ይህን ስለሚያውቅ ከአንተ አይሸሽም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚስማማው ይህ ይመስለኛል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የጅምላ ደንበኛ አንዱ ከሄደ የወሩን ሩብ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ትልልቅ ኩባንያዎች ሲገዟቸው ጣዕሙ አይጠፋም?

በ2015 አልፍሬድ ፒት የመሠረቱት ፒትስ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ስታምፕታውንን ጠቅልሎ፣ ኢንተለጀንሺያን ደግሞ በአብላጫ ድርሻ ገዛ። የፒትስ ባለቤት ያኔ ጃብ የሚባለው የአውሮፓ ባለሀብቶች ኩባንያ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኔስሌ ግዢ መጣ። ብዙ ወዳጆቻቸው እንደ ክህደት ቆጠሩት።

እኔ እንደዚያ አላየውም። መሥራቹ ከባለሀብት ገንዘብ የተቀበለ ዕለት ሽያጩ ተጀምሯል፤ ያ ገንዘብ ከነትርፉ መውጫ ይፈልጋል። ጣዕሙም ቢሆን በአንድ ቀን አይጠፋም። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው። መሸጫዎቹ መቶ ሲደርሱ በዓመት ስምንት ጆንያ ብቻ የሚያወጣ ገበሬ ለሽያጭ ዝርዝራቸው አይመችም፤ ስምንት ጆንያ ለአንድ ከተማ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ዝርዝሩ ቀስ በቀስ ወደ ቅይጥ፣ የብዙ ቦታ ቡና ወደተደባለቀበት፣ ያዘነብላል። ቅይጥ ክፉ አይደለም፤ ቋሚ ጣዕም ይሰጣል። የዚያ ገበሬ ስም ግን ከከረጢቱ ላይ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ እድገት ገበሬው ምን አገኘ?

አንዳንዱ ብዙ፣ አብዛኛው ጥቂት። የአገራችንን መንገድ ካላወቁ ይህን መረዳት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሲቋቋም ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ እንዲሸጥ ተደረገ። ዋጋው ግልጽ ሆነ፣ ክፍያውም ቶሎ የሚደርስ ሆነ፤ ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ነገር ግን ከአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የወጣው ቡና ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ደረጃ ስለሚደባለቅ የማን እንደሆነ መለየት ቀረ። ከረጢት ላይ የመንደር ስም መጻፍ ሥራቸው ለሆነ ቆዮች ይህ ትልቅ ግድግዳ ነበር። በቀጥታ የሚላክ ቡና ከፈለጉ ወደ ገበሬዎች ዩኒየን ወይም ወደ ትልልቅ እርሻዎች መሄድ ነበረባቸው። በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ መንገዱን ከፈተ፤ ማጠቢያ ያለው ሰው ቡናውን ለይቶ በቀጥታ መሸጥ ቻለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ቡና ከረጢቶች ላይ የምታዩት የማጠቢያ ጣቢያ ስም የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ተካሄደ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ፤ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች «እንግዲያው ገበሬው ሀብታም ሆኗል» ይላሉ። የተሸጠው ጥቂት ጆንያ ነው፤ ጎረቤቱ በዚያው ዓመት እሸት ቡናውን የሸጠው በሰፈሩ ዋጋ ነው። የውድድሩ ጥቅም ሌላ ነው። ገዥዎች መንደሩን አወቁት፤ ገበሬዎችም ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቀስ ብሎ ማድረቅ ዋጋ እንዳለው በዓይናቸው አዩ።

የስሙም ጉዳይ አለ። መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲንቀሳቀስ ከስታርባክስ ጋር ተጋጭቶ፣ ጉዳዩ በ2007 በስምምነት ተጠናቀቀ። እኔ ዛሬ «ይርጋጨፌ» ብዬ ስጽፍ ያ ቃል ባለቤት አለው።

ታዲያ ለምን አዲስ አበባ ቆልተን አንልክም?

«ቀረጥ ነው የያዘን» የሚሉ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ 7.5 በመቶ ቀረጥ አለው፤ ኢትዮጵያ ግን በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች በተሰጠው መብት ነጻ ናት። ችግሩ ሌላ ነው። ጥሬ ቡና በደንብ ከተያዘ ዓመት ይቆያል፤ የተቆላው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መውረድ ይጀምራል። በመርከብ ቢሄድ አርጅቶ ይደርሳል፣ በአውሮፕላን ቢሄድ ጭነቱ ትርፉን ይበላል። ጥሩው ከረጢት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ውጭ ያሉት ቆዮች ደግሞ የእኛን ከኮሎምቢያውና ከኬንያው ጋር ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ እኛ ያለን የእኛው ብቻ ነው፣ ደንበኛው ግን ምርጫ ይወዳል።

በዚያ ላይ ሕጋችን ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃን ቡና አገር ውስጥ መሸጥን ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። ከምርታችን ግማሽ ያህሉን ራሳችን የምንጠጣ ሕዝብ ሆነን ምርጡን ሳንቀምስ ኖርን። ቡና ቆይ የሚያድገው መጀመሪያ የሰፈሩን ሰው ምላስ ይዞ ነው፤ ፍሪማንም ኦክላንድን ሳይዝ ቶኪዮ አልሄደም። ቶሞካ ከ1953 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ እየቆላ የኖረው የሰፈሩን ሰው ይዞ ነው። እንግዲህ ቆልተን እንድንልክ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ምርጡ ቡና ቦሌና መርካቶ እንዲጠጣ ይከራከርልኝ።

እኔ ልጀምር ብል ምን ያስፈልገኛል?

አንድ ኪሎ የሚቆላ ማሽን፣ ጥሩ መፍጫ፣ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ደብተር፣ እና ከአስመጪ የተገዛ ሁለት ዓይነት ቡና። ሁለት ብቻ። አሥር ዓይነት የያዘ ጀማሪ አንዱንም አያውቀውም። ከማሽኑ በፊት ቅምሻ ይማሩ፤ ቀምሶ የማይለይ ምላስ ያለው ሰው የቆላውን ስሕተት ደንበኛው ነው የሚነግረው፣ ያውም ካልጠፋ። የምግብ ንግድ ፈቃድና የጭስ ጉዳይ እንደየከተማው ስለሚለያይ ኪራይ ከመፈረምዎ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። እኔ ከፈረምኩ በኋላ ነው የጠየቅሁት።

በቤት ምጣድ የተቆላ ቡና ስፔሻሊቲ ሊሆን ይችላል?

ይህን የጠየቁኝ እዚሁ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ክፉኛ ተከራከርኳቸው፤ ምጣድ ሙቀቱ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ፍሬው እኩል አይበስልም አልኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኔው የገዙትን ጥሬ ሲዳማ ቆልተው በፌስታል ይዘው መጡ። ሳልነግራቸው ሦስት ሲኒ ላይ አድርጌ ከራሴ ሁለት ዙሮች ጋር አቀረብኩትና ረዳቴን አስቀመስኩት። የእርሳቸውን ሁለተኛ አደረገው። አንደኛ የወጣው የእኔ የሰኞው ነበር፤ ሦስተኛ የወጣውም የእኔው የሐሙስ ነው።